ከኩርባው በላይ

ሰኔ 24

ከታንጉት ጋር ጅጋ ገበያ ደርሰን ተመለስን። ሽንኩርት ተወዷል። ፍኖተ ሰላም ልንገባ ስንል አስፋልቱ መሃል ድንጋይ ተደርድሯል፤ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍም አለ። አንዱ ሹፌር ተበላሽቶበት ለምልክት ያስቀመጠው ነው። መኪናውን ጠግኖ ሄዷል። ድንጋዩን ማን ያንሳለት? እናቱ?

ፒክአፗን ዳር አስይዤ ወረድኩ። አንድ በአንድ አንስቼ ቦይ ውስጥ ጣልኩ። ታንጉት በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «መንገድ ሠሪዎቹ ደመወዝ ጀመሩልዎት እንዴ?» አለች። ሚስቴ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ይቺን ቀልድ አልተወቻትም።

ቀልድ አይደለም። ዕድሜዬን የጨረስኩት የጭነት መኪና ላይ ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ አይቼ ነው ያወቅኩት። መኪና ሲቆምብህ ከኋላ፣ ከሩቅ፣ ቅርንጫፍና ድንጋይ ታደርጋለህ። ሰው ሁሉ ይወርዳል፤ ከመንገዱ ይርቃል። ስትነሣ ድንጋዩን ታነሳለህ። ምን ይከብዳል?

ሰኔ 27

ታንጉት ግሽ ዓባይ ጸበል ይውሰዱኝ ትላለች። ክረምት ሲገባ ደረቷ ይዘጋባታል፤ ተደግፋ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው። መንገዱ ጭቃ ነው፣ መስከረም ይጥባ አልኳት። «ደረቴ መስከረም እስኪጠባ ይጠብቃል?» አለችኝ።

እሺ አልኩ። እሺ ማለት አይሆንልኝም… ይህን ግን እሺ አልኩ።

ሐምሌ 2

ትናንት ከግሽ ዓባይ ስንመለስ ፒክአፗ ቆመችብን። እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ጸበሉን ተጠምቃ ደስ ብሏት ነበር። መንገድ ለመንገድ የማላውቃቸውን ሰዎች ወሬ ስታወራልኝ መጣች። ቡሬ ሳንደርስ፣ ዳገቱ ላይ፣ ኩርባው ውስጥ፣ የሞተሩን ማራገቢያ የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ፣ ችንጋው፣ ተበጠሰ። አምና ያሰርኩት ነው። ሞተሩ ጋለ፤ ቆመች። ዝናብ። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ቦይ፤ ከአስፋልቱ የሚወጣበት የለም። ወደ ኋላ መልቀቅ በዚያ ጉም አይታሰብም።

የእጅ ፍሬን ያዝኩ። አራቱንም ፍሬቻ አበራሁ። ከጎማው ሥር ታኮ አስገባሁ። ታንጉትን ውረጂ አልኳት። መውረድ አልፈለገችም። ውረጂ አልኩ ደግሜ። ወረደች። ቦዩን አሻግሬ፣ ከኩርባው በላይ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። ካፖርቴን ደረብኩላት። ከዚያ ቅርንጫፍ እየሰበርኩ በሁለቱም በኩል ከኩርባው አርቄ አነጠፍኩ፤ ድንጋይም ደረደርኩ።

አንድ ገበሬ ከእርሻው ወደ እኛ ወረደ። ባዬ እባላለሁ አለ። የለበሰውን ላስቲክ አውልቆ ከላይዋ ዘረጋላት። ቤቴ እዚሁ ነው፣ እሳት አለ፣ ትግባ አለኝ። ጉልበቷ በዚህ ጭቃ ዳገት አይወጣም አልኩት። ለሁለት እንሸከማት አለ። ችንጋው አሁን ይታሰራል አልኩ፤ ትርፍ ይዣለሁ። ቁልቁል አየኝና፣ «አባቴ፣ አንቱ የሚጠብቁት መኪናዋን ነው ሴትዮዋን?» አለኝ። ወደ ሞተሩ ተመለስኩ።

ሞተሩ እስኪበርድ ቆየሁ። ጣቴ ደነዘዘ፤ ብሎኑ አልፈታ አለ። በመጨረሻ ችንጋው ታሰረ። ፒክአፗን ከኩርባው አውጥቼ ሰፋ ያለው ቦታ ላይ አቆምኩ። ታንጉትን ደግፈን አስገባናት። ጥርሷ ይንገጫገጫል። ከዚያ በእግሬ ተመልሼ ቅርንጫፉንና ድንጋዩን አነሳሁ፤ ሁሉንም። ባዬም አብሮኝ ያነሳል። እሷ መኪናው ውስጥ እየተንቀጠቀጠች… ድንጋይ ጥሎ መሄድ ግን አይሆንም። ከኋላ የሚመጣው ማን እንደሆነ ማን ያውቃል?

በዚያ ሁሉ ጊዜ መኪናዋን የነካ የለም። የመጣው ሁሉ ቅርንጫፉን እያየ ቀስ ብሎ አለፈ።

ሐምሌ 4

የታንጉት ሳል ብሷል። ጎረቤታችን ሀብትነሽ ዝንጅብል አፍልታ አመጣች። ምን ነክቷት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ዝናብ አልኳት።

ሐምሌ 5

ጴጥሮስ ወጳውሎስ። ጾሙ ተፈታ። ሀብትነሽ የሠራችውን ዶሮ ትንሽ ቅመሺ ብዬ ታንጉትን ለመንኳት። ሰው ለምኜ አላውቅም። አንድ ጉርሻ ወሰደች፤ ለኔ ብላ።

ሐምሌ 7

ሆስፒታል ገባን። የሳንባ ምች ነው አሉ። አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን አደረጉላት። አንድያ ልጃችን ሕሊና ከቡሬ መጣች። እዚያ የልብስ ስፌት ቤት አላት። ሥራዋን ዘግታ ነው የመጣችው። ከእናቷ አልጋ አትነቃነቅም።

ሐምሌ 10

ዛሬ ትንሽ ቀለል ብሏታል። የሆስፒታሉ አልጋ ጎማ አለው፤ በተነካ ቁጥር ይንሸራተታል። ካርቶን አጣጥፌ ከሥሩ ሰካሁበት። ታንጉት አየችኝና ለነርሷ፣ «ተያቸው፤ እሳቸው ሬሳ ሣጥኔንም ታኮ ሳያደርጉ አይቀብሩኝም» አለች። ነርሷ ሳቀች። ሕሊናም። እኔም ትንሽ…

ነገ ትቀመጣለች፣ ከነገ ወዲያ ቤት እንገባለን ብዬ አሰብኩ።

ሐምሌ 12

ሚካኤል። ታንጉት ጧት ዐረፈች።

ሐምሌ 14

ሠልስት። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲሳሳ ሕሊና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለዚያ ቀን ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ጉሙንም፣ መውረድ አለመፈለጓንም፣ ባዬ እንሸከማት ማለቱንም፣ ድንጋይ ለማንሳት መመለሴንም። አልደበቅኩም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«መኪናው ውስጥ ብትቀመጥ ምን ትሆን ነበር?»

«ምንም ላትሆን ትችል ነበር።»

«እና?»

«ዛሬም ቢሆን አወርዳታለሁ።»

ተነሥታ ሄደች።

ሌላ ምን ልበላት? ውሸት? ያኔ ገና በጉልበቴ ሳለሁ ጉም ውስጥ ከቆመ ሚኒባስ ሰዎች አውጥቻለሁ። ዝናቡን ሸሽተው፣ ተቀምጠው ሲጠብቁ ከኋላ የተመቱ ናቸው። በሕይወት ያወጣሁት አንድም የለም። ይህን ለታንጉት እንኳ አልነገርኳትም። ለልጄ በእናቷ ድንኳን ውስጥ ልነግራት?

ሐምሌ 19

ሕሊና ሳትሰናበተኝ ወደ ቡሬ ሄዳለች። ልብስ ለማጠብ ብላ የወጣች መስሎኝ ነበር። ሀብትነሽ ነች የነገረችኝ።

ሐምሌ 22

ደወልኩ። አላነሳችም። ሁለተኛ አልደውልም።

ሐምሌ 23

ደወልኩ። አላነሳችም።

ነሐሴ 2

የነፍስ አባቴ መምሬ ገብረ ሕይወት ወደ ቅዳሴ ሲሄዱ ጎራ አሉ። ፍልሰታ ስለሆነ ውሃም አልቀመሱ። ስለ ሕሊና ሰምተዋል። ስመኘው፣ ልጅህን አነጋግራት አሉኝ። ያላጠፋሁትን አጠፋሁ ልበል ወይ አልኳቸው። መስቀላቸውን አገላበጡ።

«አንተ ዳኛ ፊት የቆምክ ይመስልሃል። ልጅቷ እናቷ ናት የሞተችባት።»

ቅር ብሎኝ ሸኘኋቸው። እኔስ? የኔ ሚስት አይደለችም?

ነሐሴ 8

ጨው የት ነበር የምታስቀምጠው? ወጥ ቤቱን ሁሉ አገላበጥኩ። አብረን ስንኖር አንድ ቀን ጨው አንስቼ አላውቅም ማለት ነው። ሀብትነሽ ከበርበሬው ጣሳ ጀርባ አገኘችልኝ። ስቃ ነበር፤ ፊቴን ስታይ ተወችው።

ከሰዓት ፒክአፗን አጠብኩ። በታንጉት በኩል ያለውን ወለል ተውኩት። የዚያን ቀን ጭቃ ደርቆ አለ። የጫማዋ ዱካ። ነገ አጥበዋለሁ።

ነሐሴ 9

አላጠብኩትም።

ነሐሴ 15

ምን ሆኜ እንደሆነ አላውቅም።

ከከተማው መውጫ ላይ ሚኒባስ ተበላሽታ ቆማለች። ዝናብ ይወርዳል። ሹፌሩ ሥሯ ተኝቷል። ሰዉ ሁሉ ወርዶ ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ተጠግቷል። አንዲት አሮጊት ብቻ ውስጥ ቀርተዋል፤ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል። ከኋላ ድንጋይ የለ፣ ቅርንጫፍ የለ። ሄድኩ። በሩን ያዝኩ። እናቴ፣ ይውረዱ ልላቸው ነበር። አዩኝ።

በሩን መልሼ ዘጋሁላቸው።

ከኋላ ሄጄ ቅርንጫፍ አደረግኩ። አላመንኩትም። እዚያው መንገዱ ዳር ቆሜ ዱላዬን እያወዛወዝኩ መኪና ሳሳልፍ ቆየሁ፤ ሚኒባሷ ተጠግና እስክትነሣ። አሮጊቷ በመስኮት እጃቸውን አነሡልኝ። በስብሼ ቤት ስገባ ሀብትነሽ ከበሯ ሆና፣ «አንቱ ደግሞ ሊከተሏት ነው?» አለች።

ማውረድ ነበረብኝ። ከኋላ አንድ ፍሬን የበጠሰ ቢመጣ ዱላዬ ምን ያደርጋል? አውቃለሁ። አውቄ ነው ያላወረድኳቸው።

ነሐሴ 21

አርባ። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሞልቶ ነበር። ታንጉት ይህን ያህል ሰው ታውቃለች? ከዱርቤቴ ድረስ የመጣ አለ።

ሕሊና በዋዜማው ገብታ ከሀብትነሽ ቤት አደረች። ሲሠራም ሲበላም ነበረች። ለእንግዳ ሁሉ ጎንበስ ስትል አየኋት። ለእኔም ሳህን አቀረበች። ፊቴን አላየችም። ከስታለች። ስትሄድ ትከሻዋ የእናቷን ይመስላል፤ እንዲህ ይመስል እንደነበረ ልብ ብዬ አላውቅም።

መምሬ ገብረ ሕይወት ከሩቅ ያዩኛል። ተነሥቼ ወደ እሷ ልሄድ ፈለግኩ። ሰው መሃል ነው አልኩ። ሰዉ ሲወጣ ደግሞ ደክሟታል አልኩ። ሁልጊዜ ምክንያት አለኝ።

ነሐሴ 22

ጧት መናኸሪያው ባዶ ነበር። ሰሞኑን መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ነው፤ ወደ ቡሬ የሚሄድ ሚኒባስ ጠፋ። ሕሊና ዕቃዋን ይዛ ብዙ ቆመች። ፒክአፗን አስነሥቼ ሄድኩ። ላድርስሽ አልኳት። መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየች። ሌላ ምንም የለም። ገባች። እግሯን ልታሳርፍ ስትል ወለሉ ላይ ያለውን ጭቃ አየች። የማን እንደሆነ ገባት። እግሯን ሰብስባ ወደ በሩ አስጠጋች። እንደዚያው ሆና ሄደች።

ቡሬ ደረስን። ከደጇ ላቆም ስል፣ «ወደዚያ ይውሰዱኝ» አለች። ወዴት ብዬ አልጠየቅኩም።

ከተማውን አልፈን፣ ኩርባው ስንደርስ ፍጥነት ቀነስኩ። እዚህ ነው ወይ አለች። አዎ አልኳት። ያቁሙልኝ አለች። እዚህ አይቆምም አልኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ይኸው ደግሞ አልኩ በልቤ… ግን አይቆምም። ሰፋ ያለው ቦታ ላይ ስደርስ ከአስፋልቱ አውጥቼ አቆምኩ። ፍሬን ያዝኩ፣ ታኮ አስገባሁ። ነይ በእግር እንመለስ አልኳት።

በእርሻው ዳር ዳር፣ ጭቃውን እየረገጥን ተመለስን። ካፊያ ነበር፤ ጥላ ይዛለች። ባሕር ዛፎቹ ሥር ድንጋዩን አሳየኋት። ተቀመጠችበት። ከዚያ ላይ ኩርባው በሙሉ ይታያል። ፒክአፗ የቆመችበትን ጠየቀችኝ። በዱላዬ አሳየኋት። አንድ የጭነት መኪና ከጉሙ ወጥቶ በዚያው ላይ እየከነፈ አለፈ። ሁለታችንም አየነው። አየሽ ልላት እችል ነበር፤ አልፈለግኩም።

ቆይታ፣ «መውረድ አልፈለገችም ብለውኛል። ምን ነበር ያለችው?» አለች።

ይህን ጽፌውም አላውቅ።

«ዝናቡ እስኪያባራ ትንሽ ልቀመጥ አለች።»

«አንቱስ?»

«ውረጂ አልኳት። እንደበረዳት አይቻለሁ። ረዳቴን እንደማዝ ነው ያዘዝኳት። ገበሬው እንሸከማት ሲለኝ እምቢ ያልኩትም እኔ ነኝ። እሳት ነበር፤ እዚያ ላይ።»

የባዬን ቤት ላሳያት ዱላዬን አነሳሁ። መለስኩት። ፊቴን ወደ ዛፎቹ አዞርኩ።

ስትነሣ ሰማኋት። ትሄዳለች ብዬ ነበር። ክንዴን ይዛ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችኝ። ጥላውን ከላዬ ያዘች፤ የእሷ ትከሻ እየበሰበሰ። ካፊያው ዝናብ ሆነ። እንሂድ እስክትለኝ ጠበቅኩ። አላለችም። መኪናዋ ድረስ መሄድ እችል ነበር። ግን አልተነሣሁም።

«ትንሽ ልቀመጥ?» አልኳት።

«ይቀመጡ፣ አባባ» አለች።