መቃብር የሚባረክበት እሁድ

ለወንድሜ ለኮልም፣

ባለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ ከዝናቡ በቀር ደህና ነን።

ልጆችህን ይዘህ ከተማችንን ልታስጎበኛቸው እንዳሰብክ ጽፈህልኛል። አምና መጥተህ ወንዙንና የፈረሰውን ግንብ ፎቶ ስታነሳ ሰንብተህ፣ አባባ ጋ ግን አንድ ስኒ ሻይ እንኳ ሳትጨርስ ሄድክ። ግንቡ አሁንም አለ፤ አይዞህ፣ የትም አይሄድብህም።

ባለፈው እሁድ ቄሱ መቃብሮቹን ባረኩ። እንደ ወጉ ሁሉም በየዘመዱ መቃብር ዳር ቆመ። አባባ ግን ቀጥ ብለው ሄደው የጎረቤቶቻችን የሄፈርናኖች መቃብር ላይ ቆሙ፤ በእርሻ ድንበር ተጣልተው ዕድሜ ልካቸውን ሰላም ብለዋቸው የማያውቁት ሄፈርናኖች!

"በመጨረሻ ታረቁ እኮ!" ብሎ ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

"አባባ፣ እማማ የተቀበረችው እዚያ ጋ ነው" ብዬ እጃቸውን ብይዝ፣

"እናትሽማ ቤት ድንች እየቀቀለች ነው፤ እንዳይበርድብን ቶሎ እንሂድ" አሉኝ።

ልጆችህን ሳምልኝ። ስትመጣ በሩ ላይ ስምህን ጮክ ብለህ ተናገር። አባባ ሰሞኑን እንግዳ መቀበል ይወዳሉ፤ እኔን እንኳ በየጠዋቱ "ግቢ፣ ከየት መጣሽ?" ብለው ወንበር ይስቡልኛል።

እህትህ ደርቭላ