ከሳሪ ምን ገቢ አለው?

ሰኞ፣ የካቲት 13 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሐይቅ

ዛሬ ውጫሌ ፍርድ ቤት ዋልኩ። አንድ አይሱዙ ገጭቶ እግሬን ሰብሮ ስድስት ወር ስላስተኛኝ፣ ያጣሁትን ገቢ ባለመኪናው እንዲከፍለኝ ከስሼዋለሁ። የባለመኪናው ጠበቃ፣ ያ ከረባታም እባብ፣ «ይህ ሰው ከሳሪ ነው። ከሳሪ ምን ገቢ አለውና ያጣል?» አለ። ሰዉ ሳቀ። ቀጥሎ አንድ ወረቀት አውጥቶ፣ «ማንበብ ይችላሉ ወይስ ላንብብልዎ?» አለኝ።

እኔን! ከማታ ትምህርት አንደኛ የወጣሁትን! ነጠቅሁት። ወላሂ፣ እንደ ሬዲዮ አንበለበልኩት፤ አንዲት ፊደል አልሳትኩም። ለካ ጦርነቱ ሱቄን ካራቆተው በኋላ፣ አበዳሪዎች እንዲተዉኝ፣ ገና ፊደል ሳልቆጥር አስጽፌ አሻራዬን ያኖርኩበት የኪሳራ ማመልከቻዬ ነው። «ከንግድም ከሌላም የማገኘው ምንም ገቢ የለኝም» ይላል። ያኔ ግን፣ አይሱዙው እስኪገጨኝ ድረስ፣ በድብቅ ማሾ ከገበሬ እየገዛሁ እሸጥ ነበር።

ዳኛው «የትኛው ነው እውነቱ?» አሉ። አበዳሪዎቼ ከኋላዬ ተደርድረዋል። «ቀን ይሰጠኝ» አልኩ።

ሚስቴ ሙና ከፍርድ ቤት አብራኝ ተመለሰች። ቤት ስንገባ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬን እንኳ ስታነብ ብትደናቀፍ ምን ነበረበት?» አለች።

እስከ ሐሙስ መልስ አምጣ ተብያለሁ። ማሾውን ካመንኩ አበዳሪዎቹ ይበሉኛል። ካልተናገርኩ ደግሞ የዚያ እባብ ደንበኛ እግሬን በነፃ ሰብሮ ሊሄድ ነው።