አሮጌ ይታደሳል

ሰኞ
ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ በጥልቅ ሐዘን ይነገር፤ አየር ንብረቱን ሊለውጥ ነው። ዛሬ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ቲቸር ስንዱ ሰሌዳው ላይ «የአየር ንብረት ለውጥ» ብላ ጻፈች። እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ አየር ንብረት ካለው ግብር ይከፍላል?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን «የእጅ ጽሑፍህ ከአፍህ ይሻላል» ብላ ማስታወቂያ እንድጽፍ አዘዘችኝ፤ ሐሙስ ትምህርት ቤታችን ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ታዳሽ ኃይል ሕዝቡን ያስተምራል።

ትምህርቴን ዓመት ተኩል አቋርጬ ስመለስ ርዕሰ መምህሩ አስፈርመውኛል። አንድ ጥፋት፣ ከዚያ መባረር። ይህን እያወቅሁ የጻፍኩት ይኸው፦

«ሐሙስ በትምህርት ቤቱ የአየር ንብረት ለውጥ ስለሚደረግ ንብረቱን መለወጥ የሚፈልግ ይዞ ይቅረብ። አሮጌ ይታደሳል።»

ማክሰኞ
ደባርቅ መናኸሪያ በር ላይ ለጠፍኩት። አንድ ሰውዬ አንብቦ «በግስ ይለውጣሉ?» አለኝ። «ጥርሱ ታይቶ» አልኩት። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ረቡዕ
ጉድ ፈላ። ፈርቼ ማስታወቂያውን ልቅደው ብሄድ የለም። አንዱ ረዳት «ለሕዝብ የሚጠቅም ነው ብዬ ሚኒባሳችን የኋላ መስታወት ላይ ለጠፍኩት» ይለኛል። ሚኒባሱ ዳባት ሄዷል። ዳባት በሙሉ በሬውን እየነዳ ቢመጣስ? ርዕሰ መምህሩ ቢያነቡትስ? እናቴስ? እራት አልበላሁም። እኔ!

ሐሙስ
ሦስት ሰው መጣ። አንዷ ቀዳዳ ድስት፣ አንዱ ዝም ያለ ሬዲዮ ይዘዋል። ሦስተኛው ከዳባት በላይ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፣ አያ ፈንታ። ከጋቢያቸው ሥር የሶላር መብራት ከነፓኔሉ አወጡ። «ልጄ ለፈተና የምታጠናበት ነበር። ከጨለመ ሰነበተ። አድሱልኝ።»

ቲቸር እኔን አየችኝ። «አያ፣ የሚለወጥም የሚታደስም የለም። እኔ ነኝ ለቀልድ የጻፍኩት።»

«እንግዲያ ለውጡ ውሸት ነው?»

«ለውጡስ እውነት ነው፣ አያ» አለች ቲቸር።

«እሱንማ መች አጣሁት። ልጅ ሳለሁ ውርጩ ከገብስ በቀር የማያስበቅለው ማሳ ዛሬ ስንዴ ይዟል። ዝናቡም ወሩን ረስቷል። እሱን መልሳችሁ ትለውጡልኛላችሁ?»

መቀለጃ አጣሁ። የማደርገው ቢጠፋኝ ፓኔሉን በእጅጌዬ ጠረግኩት። እጅጌዬ ከሰል መሰለ።

«የት ነበር ያስቀመጡት?» አለች ቲቸር።

«ጭሱ የሚወጣበት ጣራ ላይ ነዋ።»

በእርጥብ ጨርቅ ወልውለን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ከምሳ በኋላ አያ ፈንታ ቁልፉን ጫን ቢሉት በራ። በጠራራ ፀሐይ! «አንተ ጉድ፣ አደስከውሳ» አሉኝ።

ዓርብ
ቢሮ ተጠራሁ። ርዕሰ መምህሩ ሰምተዋል፤ ቲቸር ግን ቀድማ ገብታ ለምናልኛለች። ቅጣቴ አዲስ ማስታወቂያ መጻፍ ነው፦ «ሶላር ያላችሁ፣ ፓኔሉን ጥረጉ።» እሷ አጠገቤ ቆማ እያንዳንዱን ቃል አነበበች።

የስንዴውን ጥያቄ እስካሁን ማንም አልመለሰም። የኔ ጉዳይ ግን፣ ለሦስት ቀን ነፍሴ የወጣችለት፣ ሲታይ ይኼው ነው፤ ሦስት ሰውና ትንሽ ጥላሸት። ድስቱም ከነቀዳዳው ተመልሷል።