ሳላነብ የመለስኩልሽ መልስ

ውድ እህቴ ደሳለች፣

ለማንም ተንፍሼው የማላውቀውን ላንቺ ልንገርሽና ልጀምር፦ የሠርግሽን ደብዳቤ አላነበብኩትም። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር።

እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የጨንቻ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔና ልጄ ሲና ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ቁስቋምም ብርዱ ጠንቷል።

ገበየሁን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳገባው «አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ» ብዬ ዋሽቼው ነበር። እሱ ፊደል ስላልቆጠረ አመነኝ። ደብዳቤሽ ሲመጣ «ምን ትላለች?» አለኝ። ወረቀቱን ዘርግቼ «ደህና ነን፣ ዝናቡ በርትቷል ትላለች» አልኩት። ላንቺም በመንገደኛ «እኛም ደህና ነን» ብዬ ላክሁልሽ። ከሰው ስሰማ ሠርጉ አልፏል። ሙሽራውን ንቃ ቀረች ብለሽ ስትቀየሚኝ፣ ከምዋረድ መቀየምሽን መረጥኩ።

ሲና አንደኛ ክፍል ስትገባ ከደብተሯ እየሰረቅኩ ፊደል ለመድኩ። መጀመሪያ ያነበብኩት ያንን ደብዳቤ ነው። «ሰርኬ ካልመጣች ማን ያጅበኛል?» ይላል።

አሁን ምን አናገረሽ ካልሽኝ የሲና ኮምፒውተር ነው። ሲ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም መጻፍ እየተማረች ነው። ቅዳሜ ጥቁር መስኮት ከፍታ «እማ፣ ሞክሪልኝ» አለችኝ። «ሻይ ትጠጫለሽ?» ይላል፤ ለአዎ አንድ ፊደል መንካት ነው። ነካሁና እጄን አጣጥፌ ጠበቅኩ። ጭጭ! «ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ ካልተጫንሽ እኮ አያነበውም» ብላ ሳቀችብኝ። ተጫንኩት። «ስኳር ይጨመር?» አለና ጣቴን ሳላነሳ «ያለ ስኳር ቀርቧል» ብሎ ጨረሰ።

«ያለ ስኳር ማን አለውና ነው?» ብዬ ተቆጣሁ። ሲና ፈልጋ ደረሰችበት። ያ የተጫንኩት ኢንተር ራሱ እንደ አንድ ፊደል ይቆጠራል አሉ፤ ሳይነበብ ቀርቶ ነበርና ፕሮግራሙ እሱን የስኳሩ መልስ አደረገው። «የቀረውን እስከ መስመሩ መጨረሻ አንብቦ ማጽዳት፣ ከዚያ መጠየቅ ነው» አለች። አስተካከለችው፤ ስኳሬንም አገኘሁ።

እየሳቅኩ አንቺ ትዝ አልሽኝ። እኔስ ያልተጠየቅኩትን አይደል የመለስኩልሽ? ይኸው የቀረውን እስከ መጨረሻው ነገርኩሽ። አሁን እንደገና ጠይቂኝ። ልጅሽን ኪብሮንን ጥር ላይ ልትድሪ ነው ሲሉ ሰማሁ። ጥሪ ብትልኪልኝ ራሴ አነበዋለሁ፤ ባትልኪም አልፈርድብሽም። ነጠላዬን ግን አጥቤያለሁ።

ለባልሽ ለቤዛብሕ ንቄው እንዳልቀረሁ ንገሪልኝ። የአማትሽን የእማማ ቦሰናን ጉልበት ሳሚልኝ። ለኪብሮን እልል በይልኝ። ሲና ሁላችሁንም ትስማችኋለች።

እህትሽ ሰርኬ
ቁስቋም፣ ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሸማኔው ጎረቤታችን ሐብታሙ ነገ ወደ ጨንቻ ስለሚወርድ እነዚህን ወረቀቶች ላንቺ ለደሳለች በእጅሽ ይሰጥሻል። ከፈለግሽ ለቤቱ ሁሉ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።