የሙና መስኮት

ሰኞ

ወንበሬን ወሰዱት! ለአፍታ ወጥቼ ስመለስ ሙናን ከበው ለሚያዩ ሰዎች መቀመጫ ሆኗል። ቆሜ ሠራሁ።

መምህር ዳዊት ለሁለታችን የሰጠን ሥራ አንድ ዓይነት ነው። ስክሪኑ ላይ ትንሽ መስኮት መክፈት፣ መስኮቱ ውስጥ አንድ ቁልፍ ማስቀመጥ፣ ሰው ቁልፉን በማውስ ሲጫን መስኮቱ አንድ ነገር እንዲመልስ ማድረግ። በቃ። ግን በሲ የፕሮግራም ቋንቋ፣ ከባዶ ጀምሮ፣ መስመር በመስመር። «ከዚህ ያነሰ ፕሮግራም የለም፤ ይህ የገባው ሌላውን አይፈራም» ብሎናል። ዓርብ የኮሌጁ ዲን አቶ ሁሴን ባሉበት ይታያል። ከዚያ ከሁለታችን አንዳችን የኮምፒውተር ክፍሉ ረዳት ሆነን እንቀጠራለን። አንዳችን ብቻ።

ሮቤ ላይ እኛ ለተማርነው ነገር ሌላ ሥራ የለም። ሙና ባይሳካላት ጊኒር አጎቷ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፣ እዚያ ትገባለች። እኔ ባይሳካልኝ ጎባ እናቴ ቤት ገብቼ መቀመጥ ነው። መጋረጃው ስር ቁጭ ብዬ ያለፈ ያገደመውን ስቆጥር ይታየኛል።

የኔ ፕሮግራም ይሠራል። እውነቴን ነው፣ ከሷ በፊት ነው የሠራው። ቁልፉን ስትጫኑት «እንኳን ደህና መጡ» እንዲል ነበር የፈለግሁት፤ እነዚህ አሮጌ ማሽኖች ግን ፊደላችንን አያውቁትም፣ በየፊደሉ ምትክ ባዶ ሳጥን ይደረድራሉ። ሁለት ቀን ታግዬ ተውኩት። አሁን «ኦኬ» ይላል።

ሙና በኦሮምኛ በቁቤ ጻፈችው። ቁቤ ላቲን ስለሆነ ማሽኑ ምንም አላስቸገራትም። ሲጫኑት «ናጋ?» ይላል፣ ሰላም ነው? ደግመው ሲጫኑት «ዎሪ ናጋ?»፣ ቤተሰቡ ደህና ነው? ከዚያ ልጆቹን ይጠይቃል፣ ከዚያ ከብቱን፣ ከዚያ እህሉን፣ ከዚያ ዝናቡን። ሳይጨርስ ልዝጋህ ያለው ሰው ካለ እምቢ ይላል፤ «ቆይ እንጂ፣ ከብቱን መቼ ጠየቅሁ?» የሚል ጽሑፍ በዚያው በቁቤ ያወጣል። እዚህ አገር ሰላምታ አጋምሶ የሚሄድ ሰው እንደማይወደድ ታውቃለቻ። የጥበቃው ሰውዬ ሳይቀሩ ገብተው ተጫኑ። ለኮምፒውተሩ «ናጋ፣ አልሐምዱሊላህ» እያሉ ይመልሱለታል!

እኔ እርር ድብን አልኩ።

ማክሰኞ

ጠዋት ልሞት ነበር። መስኮቴን ከፍቼ በላዩ ካልኩሌተር ከፈትኩ፣ ካልኩሌተሩን ገለል ሳደርገው መስኮቴ ባዶ። ቁልፉም የለም፣ ጽሑፉም የለም። ነጭ ብቻ። ያበላሸሁት መስሎኝ ግማሽ ቀን መስመር ስፈትሽ ዋልኩ። በመጨረሻ አፍሬ መምህር ዳዊትን ጠየቅሁት።

ሳቀ። «መስኮቱ የተሳለበትን አያስታውስም» አለኝ። «ሌላ ነገር ሲሸፍነው ይረሳዋል። ሲገለጥ ‹ተገልጫለሁ፣ እንደገና ሳሉኝ› የሚል መልእክት ይልካል። ፕሮግራምሽ ያንን መልእክት ሰምቶ እንደገና ካልሳለ ባዶ ሆኖ ይቀራል።» ከዚያ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር ብሎ «ለሙናም ንገሪያት፤ ዓርብ የሁለታችሁንም በካልኩሌተር ሸፍኜ ነው የምፈትነው» አለ።

«እሺ» አልኩ።

ሦስት መስመር ጨመርኩ። ሸፈንኩት፣ ገለጥኩት፣ አለ። ሸፈንኩት፣ ገለጥኩት፣ አለ! ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ከዚያ ሙና ለሶላት ስትወጣ ሄጄ የሷን መስኮት ሸፈንኩት። ገለጥኩት። ባዶ። ናጋ የለ፣ ዎሪ የለ፣ ከብት የለ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ስትመለስ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጥፍሬን እያየሁ ነበር።

ረቡዕ

መብራት የለም። ዝናብ። ሥራ ስላልነበረ እናቴን ልጠይቅ ወደ ጎባ ስነሳ ሙና «እኔም እመጣለሁ» አለች። ምን እላለሁ?

ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ «ሮሚ፣ መምህር ዳዊት ትናንት አዲስ ነገር ያሳየሽ መሰለኝ፤ ምን አለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ምንም።»

እንዲህ ነው ያልኳት። ምንም። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

እናቴ ዘንድ ስንደርስ የባሰ ሆነ። ሙና ከበሩ ጀምራ «እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? ላሚቱስ ወለደች? ጎረቤትዎስ ከሆስፒታል ወጡ?» ትላለች። ስለ ጎረቤታችን መታመም እኔ አልሰማሁም ነበር! እናቴ እጇን ይዛ ለብቻዋ አስቀመጠቻት። ለኔ ያለችኝ «ልጅ ማለት እንደዚህ ነው። አንቺ ገና ጫማሽን ሳታወልቂ ምን የሚበላ አለ ነው የምትዪው» ነው። የአጃውን ገንፎ ስታቀርብ ቅቤውን ያበዛችው በማን በኩል እንደሆነ አይቻለሁ።

እናቴንም ወሰደችብኝ። ሥራውን አትወስድም።

ሐሙስ

መብራት መጣ። ሙና ስትሠራ አየኋት፤ አዲስ ጥያቄ እየጨመረች ነው፣ ስለ ገብሱ። ብቻዋን ትስቃለች። አንድ ጊዜ ተነስቼ ጎኗ ሄድኩ። «ሙና» አልኳት። «ወዬ» አለች ቀና ሳትል። ምናለ፣ ሦስት መስመር ነው። ልነግራት አፌን ስከፍት የቢሮ ጸሐፊዋ ገብታ «ሙኒዬ፣ ያንን ነገር ለልጆቼ ላሳያቸው ብዬ ነበር» አለች። ለልጆቿ! ተመልሼ ተቀመጥኩ።

የምቀናባትን ሳስበው ማለቂያ የለውም። ሰው ይወዳታል። ሳትደክም ይሆንላታል። ፀጉሯ። አጎቷ። ኦሮምኛዋ ከአማርኛዋ እኩል ነው፣ የኔ ኦሮምኛ ገበያ ላይ ብቻ ነው የሚያገለግለው። በዚያ ላይ ማንም ላይ ቀንታ አታውቅም፤ ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ነገ ካልኩሌተሩ ይመጣና ይለይልናል።

ዓርብ

እንዳለ ልጻፈው።

አቶ ሁሴን መጀመሪያ እኔ ዘንድ ተቀመጡ። ተጫኑ። «ኦኬ።» ደግመው ተጫኑ። «ኦኬ።» መነጽራቸውን አስተካክለው ተጫኑ። «ኦኬ።» መምህር ዳዊት ካልኩሌተር ከፍቶ ሸፈነው፣ ገለጠው፤ መስኮቴ ቅንጣት አልጎደለበትም። «ጥሩ ነው» አሉና ተነሱ።

ሙና ዘንድ ሲቀመጡ ግን ፊታቸው ፈካ። «ናጋ?» ሲላቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ናጋ!» አሉ። ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ገብሱን፣ ዝናቡን፣ አንድም ሳይቀር መልሰው ጨረሱ። እኔ ካልኩሌተሩን እየጠበቅሁ ነው። መጣ። ሸፈነው። ገለጠው። ነጭ።

ሙና ደነገጠች። ያንን ፊት ለማየት ስንት ቀን ጠብቄ፣ ሳየው ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ። አቶ ሁሴን ግን ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ቁልፉ የነበረበትን ቦታ ገምተው ተጫኑ። «ናጋ?» ብሎ ከሀ ጀመረ። በሳቅ ፈነዱ። «ልክ ነው! ወጥቶ ለተመለሰ ሰው እንደገና ሰላም ይባላል እንጂ! ይሄ የኛ አገር ልጅ ነው!» ሁሉም ሳቀ። እኔ ኩም አልኩ።

መምህር ዳዊት አልሳቀም። «ሙና፣ ይሄ ለምን ይጠፋል? ሮማን አልነገረችሽም?» አላት።

ሙና ዞር ብላ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አይደለም፣ ግን ሁሉም ነገር እንደገባት አየሁ። ከዚያ ወደሱ ዞራ «ነግራኛለች። እኔ ነኝ የዘነጋሁት» አለች።

ከሰዓት በኋላ ተጠርተን ተነገረን። ሥራው የኔ ሆነ። «የተነገረውን የሚዘነጋ ሰው ለማሽን አይሆንም» ብሏል መምህር ዳዊት።

ቅዳሜ

መናኸሪያ ድረስ ተከተልኳት። ሻንጣዋን የጊኒሩ መኪና ላይ እያስጫነች ነበር። «ለምን እንደዚያ አልሽ?» አልኳት።

«በሰው ፊት እንድትዋረጂ አልፈለግሁም» አለች። «አሁን ግን ሰው የለም። ወላሂ፣ ሮማን፣ አፍሬብሻለሁ። ብትጠይቂኝ የኔን ሁሉ አሳይሽ ነበር። ጠይቀሽ አታውቂም፤ እያጮለቅሽ ታያለሽ እንጂ።» ሮሚ አላለችኝም። እናትሽን ሰላም በይልኝ እንኳ አላለችም። ገባችና በሩ ተዘጋ።

በጋሪ ተመለስኩ። ሥራ ያገኘ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው?

እሑድ

ጎባ ነኝ። እናቴ ጎረቤት ጠርታ ደስታዬን ልታከብርልኝ ትላለች። ሙና ለምን እንዳልመጣች ጠየቀችኝ። ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ።

ተኝቼም የማስበው እሷን ነው። ስለ ሥራው አይደለም። እኔ ዝም ስል እሷ ተናገረች፣ እኔ ስዋሽባት እሷ ዋሸችልኝ፤ ከቁልፉም ከሰላምታውም አልፋ በደግነት በለጠችኝ። መስኮቷን ቢፈልጉ ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፣ ይሄኛውን ግን አልፈቅድላትም። ቅናት ብሎ የሚጠራው ይጥራው። እንዲህ ተሸንፌ መኖር አልችልም።

ሰኞ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ። የመጀመሪያ ትእዛዜ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «የሙናን ሰላምታ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ጫኚ። አቶ ሁሴን ወደውታል» አለኝ መምህር ዳዊት።

ጫንኩ። የጎደሉትን ሦስት መስመሮችም ጨመርኩበት። አሁን ብትሸፍኑት ብትገልጡት አይጠፋም። እንከን የለውም። ከኔው በሁሉም ይሻላል፣ ያደረግሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

ከዚያ ቀጥ ብዬ አቶ ሁሴን ቢሮ ገባሁ። መምህር ዳዊትም ነበር፤ ይሻላል፣ ሁለቴ አልናገርም። «አልነገርኳትም ነበር» አልኩ። «አውቄ ነው። ሙና የዋሸችው ለኔ ብላ ነው።» መምህር ዳዊት በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። አቶ ሁሴን «በሉ ሥራው ገና እንዳልተሰጠ ይቆጠር። ጥሪያትና ረቡዕ ሁለታችሁም እንደገና ታሳዩናላችሁ። ያኔ እናያለን» አሉኝ።

ስልክ ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት። በወዲያ በኩል ፎቶ ኮፒው ብቻ ሲንሿሿ ይሰማኛል። የዘጋችብኝ መስሎኝ «ሙና?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «እመጣለሁ። አንቺ ግን ያንን ኦኬሽን ይዘሽ እንዳትመጪ፣ ታሳፍሪናለሽ።»

ታሳፍሪናለሽ አለች። ሁለታችንን አንድ ላይ።

«ደግሞ» አለች፣ «እኔ እዚህ ሥራ ፈትቼ ስለነበር ሰላምታዬ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ ጨምሬበታለሁ።»

«ምን ያደርጋል?»

«ረቡዕ መጥቼ ስትጫኚው ታያለሽ» ብላ ዘጋችው፤ ስትስቅ ሰምቻታለሁ።

ምን ይሆን የሚያደርገው? ከምሳ ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል።