የራውያ ሩብ ፓውንድ እና እርጥቡ ብርድ ልብስ

ደሚያጥ፣ ሐሙስ፣ ኖቬምበር 11 ቀን 1993

ለራውያ አባት፣ ለሻዚሊ፤

ሰላምታዬ ኩዌት ድረስ ይድረስህ። ወገብህ ተሻለህ ወይ? እኛ ደህና ነን፤ ዳክዬዎቹም እንቁላል መጣል ጀምረዋል።

በካሴት የላክኸውን ድምፅ ከእናትህ ጋር ተቀምጠን ሰማነው። «ለሰባት ዓመት ልጅ በየሳምንቱ ሩብ ፓውንድ የኪስ ገንዘብ ምን ያደርግላታል? አቁሚ» ብለሃል። እስከ ዛሬ አቁሚ ያልከኝን ሁሉ አቁሜአለሁ። ይህን ከማቆሜ በፊት ግን የሆነውን ልንገርህ።

እናትህ የነገሩህ እውነት ነው። ራውያ በገንዘቧ ከረሜላ አትገዛም። በየአርቡ ድልድዩ አጠገብ ሚዛን ዘርግተው ሰው ወደሚመዝኑት አባባ ሸሓታ ትሄዳለች። መጀመሪያ ራሷ ተመዘነች። በሳምንቱ ዳክዬ ታቅፋ ሄደች። አባባ ሸሓታ «ዳክዬዋስ አትከፍልም?» ሲሏት፣ «እሷ እንግዳዬ ናት» አለቻቸው። እናትህ ይህን ሰምተው «ልጅሽ ከፍላ ቁጥር አይታ ትመጣለች። ቁጥር ይበላል?» ብለው ሳቁብኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ አርብ ጠዋት፣ ትልቁን ብርድ ልብስ አጥቤ ጣሪያ ላይ ላሰጣ ስል ቀሚሴን ያዘች።

«እማ፣ መጀመሪያ አባባ ሸሓታ ጋ እንውሰደው።»

«አብደሻል? ውሃው እየተንጠባጠበ?»

«ለዚያ ነው እኮ።»

አንተ ስትሄድ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ እምቢ ልላት አይሆንልኝም። ተሸክሜው ወረድኩ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀብኝ፤ ሥጋ ሻጩማ «የራውያ እናት፣ በኪሎ ልትሸጪው ነው?» አለኝ። ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ሆነ። ሲደርቅ ደግሞ ልትመዝነው ፈለገች። ሌላ ሩብ ፓውንድ ልስጥሽ ብላት፣ «የሚቀጥለው ሳምንት ይድረስ» ብላ ጠበቀች። ባለፈው አርብ ደርቆ ሲመዘን አራት ኪሎ ሆነ።

ቤት እንደደረስን ጣሪያው ላይ ወጣችና በየቤቱ ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ ለረጅም ጊዜ አየች።

«እማ፣ አምስት ኪሎ ተኩል ውሃ ከኛ ቤት ወደ ላይ ወጥቷል» አለችኝ። «ማንም ሳይሸከመው።» ቆይታ ደግሞ ከወንዙ በላይ ያለውን ደመና አሳየችኝ። «እዚያ ውስጥ የኛም አለበት።»

ሻዚሊ፣ እዚያው ተቀመጥኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ልብስ ሳሰጣ፣ ደረቀ ብዬ ስሰበስብ፣ ውሃው የት እንደሚሄድ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ማንበብ የተማርኩት የሱፍ ፍሬ ከሚጠቀለልበት ቁራጭ ጋዜጣ ነው፤ አንዱም ላይ ይህን አላገኘሁትም። ቀና ብዬ ሰማዩን ሳየው፣ ስኖርበት ቆይቼ ገና የገባሁበት ቤት መሰለኝ። እናትህም ሰምተው ነበርና የገመዱን እንጨት ይዘው ቆሙ። «ሱብሐነላህ» ብቻ አሉ።

አንተ በስድስት ዓመትህ አናጺ ቤት እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልስ፣ የሠራህበትን ገንዘብ አንድ ቀን እንኳ በእጅህ ይዘህ እንዳላደርክ አውቃለሁ። ሳትለፋ የምታገኘው ያበላሻታል ብለህ የምትሰጋው ለዚያ ነው። ስጋትህን አልንቀውም። ግን ያን ሩብ ፓውንድ እኔ ይዤላት ቢሆን ኖሮ ከረሜላ ነበር የምገዛላት። ስለዚህ ይቅር በለኝ፤ አላቆምም። ከምትልከው አልነካም፤ ልብስ ሰፍቼ ከማገኘው እሰጣታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ «ለነገ ሁለት ሩብ ፓውንድ አዘጋጂ» አለችኝ። ለምን ስላት፣ «አንዱ ያንቺ ነው። አንቺም ማወቅ የምትፈልጊውን መዝኚ» አለች። ከዚያ ጀምሮ እያሰብኩ ነው። እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ ብሎኝ ስለማያውቅ፣ ምን ይዤ እንደምሄድ ገና አላወቅሁም። ሁለቱንም ግን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ።

አላህ እጅህን ከመጋዝ፣ ልብህን ከብቸኝነት ይጠብቅልህ። የመምጫህንም መንገድ ያሳጥርልን።

የራውያ እናት
ነጃት