አንሶላ እያስተካከሉ

ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጡዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? «እኔ» ብዬ የሚከተለውን ቃል ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሁሉ «እኔ ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምራል። ያቺ ቃል ግን በአንቺና በእኔ መካከል ከተበላሸች ስድስት ዓመቷ ነው። አባትሽ ከሞተ ወዲህ ስትደውዪ «ደህና ነሽ ወይ?» ብለሽኝ አታውቂም። «ዛሬ ምን በላሽ? ከደረጃው ስንቱን ወጣሽ?» ነው የምትይኝ። እንደ ሐኪም ትመረምሪኛለሽ እንጂ እንደ ልጅ አትጠይቂኝም። አልተቀየምኩም፤ የዘራሁትን ነው ያጨድኩት።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሆስፒታሉ ጠርቶኝ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት አገልግላለች፣ ጡረታ ከወጣችም በኋላ ለሰፈሩ ደክማለች ብለው የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ንግግር ያደረገው ዳይሬክተሩ ነው። መርፌ መውጋት ብርቱካን ላይ ያለማመድኩት እኔ ነኝ፤ እስኪለምድ ስንት ብርቱካን ፈጅቷል መሰለሽ! ያልሠራሁትን ሁሉ እየጨመረ አወደሰኝ። ሰው በቁሙ እንዲህ ከተመሰገነ ለቀብሩ ምን ይቀራል ብዬ አጠገቤ ለተቀመጠችው ለፍንጭቷ ሹክ ብላት ሳቋን በመሀረብ አፈነችው። ፍንጭቷን ታስታውሻታለሽ፤ ያቺ ዓይን አፋሯ ተማሪዬ ዛሬ የክፍሉ ኃላፊ ሆናለች።

እኔም ተናገሪ ተባልኩ። የክትባቱን ዘመቻና ያዋለድኳቸውን ሕፃናት ላነሳ አስቤ ነበር። የሰፈራችንን ደረጃም ላነሳ ነበር፤ በሽተኛ ተሸክመን ስንወርድ በጭቃው እየተንሸራተትን ብንቸገር ጎረቤቱን አስተባብሬ ድንጋይ ያስነጠፍኩትን፣ ያንን አሥራ ሁለት ደረጃ። አፌ ግን ወደ ሌላ ሄደ። ለተማሪዎቼ ያስተማርኩትን፣ መጽሐፍ ላይ የሌለውን ትምህርት ተናገርኩ።

የነርስ «ደህና» ሦስት ዓይነት ነው። ቤተሰብ ሲጠይቅ ዓይን ዓይኑን እያዩት «ደህና ነው» ካሉት፣ በሽተኛው በእግሩ ይወጣል። እየተራመዱ ካሉት፣ ገና አልታወቀም ማለት ነው። አንሶላ እያስተካከሉ፣ ጠርዙን ከፍራሹ ሥር እየወተፉ «ደህና ነው፣ አይዟችሁ» ካሉ ግን፣ ነርሷ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጥታለች። ይህን ማንም ደንብ አላደረገውም። ብቻ አንዳችን ሌላዋን ያልተጨማደደ አንሶላ ስታቃና ካየናት፣ ምንም ሳንነጋገር ለቤተሰቡ ወንበር እናመጣ ነበር።

አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ። እኔ ግን ስቀመጥ አንቺን ነበር የማስበው።

አባትሽ ሆስፒታላችን ተኝቶ ሳለ፣ ያን ቀን ስትደውዪ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ይዤ ነበር። «ደህና ነው፣ አይዞሽ፣ ፈተናሽን ጨርሺ» አልኩሽ። ሁለቱም እጆቼ የአባትሽ አንሶላ ላይ ነበሩ። አጠገቤ ብትሆኚ ኖሮ ይገባሽ ነበር፤ በዚያ ክፍል በር ላይ እየተጫወትሽ ነው ያደግሽው። ስልክ ግን እጅ አያሳይም። ፈተናሽን ጨርሰሽ ስትመጪ ከተቀበረ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። «ለባዕድ ወንበር ስታመጪ ኖረሽ ለእኔ እውነቱን ነፈግሽኝ» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። የሰው ባል ቢሆን ኖሮ ሚስቱን አስቀምጬ እነግራት ነበር። የራሴ ሲሆን ጊዜ፣ አንቺን ብቻ ሳይሆን ራሴንም አታለልኩ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰበብ ስደረድር ኖርኩ እንጂ ይህችን ቃል አላልኩሽም።

የሰፈሩን ወሬ ደግሞ ልንገርሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳዬ ላይ የጎረቤቱን ደም ግፊት መለካቴን ትቻለሁ። መሣሪያውን ለጫማ ሰፊው ሚስት አስተምሬ አስረከብኳት። ጫማ ሰፊው «ሲስተር፣ ያንቺ ቁጣ ከሌለበት ግፊቴ አይነሳም፤ ይህ ልኬት ውሸት ነው» እያለ ይሟገታል። እሷ ግን ከእኔ የበለጠ ትዕግሥት አላት፤ ሰውም ወዷታል።

ለምን ተውሽው ትዪኝ ይሆናል። ያ ሳል አልለቅ ስላለኝ ፍንጭቷ እየጎተተች ወስዳ አስመረመረችኝ። ባለፈው ዓርብ ውጤቱን ይዛ ወደተኛሁበት ክፍል ገባች። «ደህና ነሽ ሲስተር፣ አይዞሽ» አለችኝ። አንሶላዬ አልተጨማደደም ነበር። ጠርዙን ከፍራሹ ሥር ወተፈችው፤ አወጣችና እንደገና ወተፈችው። ያስተማርኩትን የማትረሳ ልጅ ናት።

«ወንበር አምጪና ተቀመጪ» አልኳት። አመጣች። ተቀምጣ አለቀሰች፤ ያጽናናሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ዓይን ዓይኔን እያየች ነገረችኝ።

እንግዲህ ሁልጊዜ የምትጠይቂኝን ልመልስልሽ። ዛሬ የበላሁት ግማሽ ሳህን ሾርባ ነው። ከአሥራ ሁለቱ ደረጃ አራቱን ወጥቼ ተቀመጥኩ፤ የቀረውን ጫማ ሰፊውና ሚስቱ ደግፈው አወጡኝ። ራሴ ባስነጠፍኩት ድንጋይ ላይ መደገፌ አሳቀኝ።

አልጋዬ አጠገብ ወንበር አስቀምጫለሁ። ሰው ሊቀመጥበት ሲል እከለክላለሁ።

ያን ጊዜ ፈተናሽን ጨርሺ ብዬሽ ነበር። አሁን ምንም ሳትጨርሺ ነይ።

መንገድሽን ያቅናልሽ። እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

እናትሽ፣
ሲስተር